የእትዬ አፍንጫ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። የምሠራበት ፀጉር ቤት ውስጥ ካሉት ወንበሮች ሁሉ የማላውቀው ቢኖር የራሴን ነው። ታላቅ እህቴ በልጅነቴ "ቁንጫ" ብላ ያወጣችልኝ ስም አብሮኝ አድጎ አሁን ደንበኞቼ ሳይቀሩ ይጠሩኛል። ታዲያ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአሠሪዬ ፈቃድ ለምኜ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ እህቴ ቤት ስደርስ፣ ትንፋሼን እንኳን ሳልሰበስብ "ሴትዮዋ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?" አልኳት።

"ለምሳ ብላለች። ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"

እህቴን እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር፤ ያጠበችኝም፣ ያስተማረችኝም፣ ሲያስፈልግ የቆነጠጠችኝም እሷ ናት። ሥራዋ ምግብ ማብሰል ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ ስታበስል ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ እሷም ቤት ዋለች። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን በመስኮት እዘል ነበር። እትዬ ግን ድምፅ ሳታሰማ ከሰመች። ጠዋት ተነስታ ሽርጧን ታስራለች፣ ለራሷ አንድ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ከዚያ ሽርጧን እንዳሰረች መስኮት ዳር ትቀመጣለች። በዚያ ላይ ደግሞ ያ ክፉ ጉንፋን መጥቶ አልጋ ላይ ጣላት። ከተነሳች ወዲህም ፊቷ አልተመለሰም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ዋና አብሳይ ይፈልጋል የተባለው በዚህ መሃል ነው። የምግብ ቤቱ ኃላፊ እትዬን አነጋገረቻትና እንዲህ አለቻት፦ "ምስክር ወረቀትዎ ጥሩ ነው። ግን ወረቀት አይበላም። ቅዳሜ ለምሳ ቤትዎ እመጣለሁ፤ ልጆቹ የሚወዱትን የድንች ሰላጣ በማዮኔዝ ሠርተው ያቅምሱኝ።" እትዬ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ በርቶ ነበር። ወዲያው ደግሞ ጨለመ። "ይሄ ካመለጠኝ በዚህ ዕድሜዬ ማንም አይቀጥረኝም። መስኮቱ ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምሞተው" አለችኝ። እኔም ኧረ ሟርትሽን ተዪ ብያት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ወጥ ቤት ስገባ ድንቹ ወርዶ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ድንች ከነልጣጩ ነው የምትቀቅለው፤ ልጣጭ የሌለው ድንች ውሃ ጠጥቶ ይሰክራል ትላለች። መጠናቸው እኩል የሆኑትን መርጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምራ፣ ቢላዋ ሲገባ ሳይፈርስ "እሺ" የሚለውን ጊዜ ጠብቃ ታወርዳለች። እኔ አንዱን አንስቼ መላጥ ስጀምር ጣቴን አቃጠለኝና ከእጅ ወደ እጅ አንከባለልኩት።

"ተይው ይቀዝቅዝ!"

"ሰዓቱ እየሄደ ነው እትዬ፤ በትኩሱ ብንለውሰውስ?"

"ትኩስ ድንች ላይ ማዮኔዝ ስትጨምሪ ቀልጦ ዘይት ይሆናል። ይሄን ሃያ ጊዜ ነግሬሻለሁ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ፤ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መንገዱን አየሁ፣ ዘጋሁት። ሳህኖቹን በድጋሚ አጠብኩ። እትዬ ግን ተረጋግታ ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋ ቆረጠችው፣ የተቀቀለውን እንቁላል ከተፈችው፣ ድንቹ ሲቀዘቅዝ እየላጠች እኩል እኩል አድርጋ ቆራረጠችው። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። እጇ እንዳለ ነው፤ እሱን ሳይ ትንሽ ልቤ ረጋ አለ።

"ማዮኔዙስ?"

"እሱን በጠዋት ጨርሻለሁ። አንቺ እስክትመጪ ብጠብቅ ኖሮ ዘይቱን በአንዴ ገልብጠሽ ታፈርሺብኝ ነበር።"

ከማቀዝቀዣው ክዳን ያለውን ጎድጓዳ ሳህን አወጣች። ክዳኑን ስታነሳው አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። መጀመሪያ ከጎረቤት መስኮት የመጣ መሰለኝ። ጠጋ አልኩ። ኧረ ጉድ! ዓሣ! ያውም የዋለ የተጠበሰ ዓሣ!

ወዲያው ገባኝ። ረቡዕ ማታ ዓሣ ጠብሳ አብረን በልተን ነበር። እትዬ የጠበሰችበትን ዘይት አትደፋም፤ በንጹህ ጨርቅ አጥልላ፣ ኩል የመሰለ ዘይት አድርጋ ጠርሙስ ውስጥ ትመልሰዋለች፣ ለሌላ ዓሣ። ያ ጠርሙስና የአዲሱ ዘይት ጠርሙስ መንታ ናቸው። ስንቴ ምልክት አድርጊበት ብያታለሁ! "አፍንጫ እያለኝ?" ነበር መልሷ። ክዳኑን ከፍታ አንዴ ማግ ታደርግና የቱ የቱ እንደሆነ ታውቃለች። በክበቡ ሳለችም እንደዚያው ነበረች፤ ከበር ላይ ቆማ የየትኛው ድስት ጨው እንዳነሰ ትናገራለች ይሉ ነበር።

"እትዬ፣ እስኪ አሽቺው" አልኳት።

ጎንበስ ብላ አሸተተች። "እና?"

"ምን ይላል?"

"ማዮኔዝ ማዮኔዝ ይላላ! ሽቶ ሽቶ እንዲል ፈልገሽ ነው?" አለችና በማንኪያ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች፤ እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች፣ ምላሷን ጠቅ አደረገች። "ልክ ነው።"

እኔን ከሩቅ የሸተተኝን ዘይት እሷ አፏ ውስጥ አስገብታ ልክ ነው አለች። ባለፈው የኮመጠጠ ወተት በብርጭቆ አቅርባልኝ አልጠጣም ስላት እንደተቆጣችኝ ትዝ አለኝ። ድስቱ አርሮ ጎረቤት በሯን ሲደበድብም እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜ ነው፣ ሐሳብ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዕድሜም ሐሳብም አልነበረም። ጉንፋኑ አፍንጫዋንና ምላሷን ይዞባት ሄዷል፤ እሷም ታውቃለች፤ አውቃም ለእኔ እንኳን አልነገረችኝም። አንጀቴን በላችው፤ ደግሞም በጣም ተናደድኩባት። ለእኔ እንኳን!

ንገሪያት ትሉኝ ይሆናል። እትዬን ስለማታውቋት ነው። ብነግራት ሽርጧን ፈትታ፣ አልጋዋ ላይ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሴትዮዋ መጥታ በሩን ብታንኳኳ እንኳን አትነሳም። ስለዚህ እሷ ሳታውቅ ነገሩን ማስተካከል አለብኝ አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ማዮኔዙን ድንቹ ላይ ገለበጠችውና በእንጨት ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጠች ለወሰችው። ሲያዩት እኮ ውበቱ! ነጭ፣ ወፍራም፣ እያንዳንዷን ድንች አልብሷታል። ሽታው ግን ወጥ ቤቱን ሞላው።

"ሽንኩርት አይጨመርበትም? ብዙ ሽንኩርት?"

"ሰላጣ ነው ወይስ የሽንኩርት ወጥ?"

"ኮምጣጤስ? ኮምጣጤ ብናበዛው..."

"ምን ሆነሻል ዛሬ?" ማንኪያውን አቁማ አየችኝ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ነው። ሂጂ ጠረጴዛውን አስተካክዪ።"

ሄድኩ። የጠረጴዛውን ልብስ አነጠፍኩ፣ ገለበጥኩ፣ መልሼ አነጠፍኩ። ተመልሼ መጣሁ። ሄድኩ። ከዚያ "ናፕኪን የለም" ብዬ ወጥቼ ሮጥኩ፤ ከሱቁ አዲስ ዘይትና እንቁላል ገዝቼ በሻርፔ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ። ባለሱቁ ምን ያሯሩጥሻል ሲለኝ "እሳት!" ብዬው መጣሁ፤ ምስኪን፣ ደንግጦ መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ ላይ ሲያይ ነበር። እትዬ ግን ከወጥ ቤቱ አትነቃነቅም። ጎድጓዳው ሳህን ፊት ለፊቷ ነው፤ ዳሩን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ትንሽ ፈንጠር ብላ ታየዋለች፣ ትጠርጋለች።

"እትዬ፣ በዚህ ልብስ ነው ሰው የምትቀበዪው?"

ወደ ታች አየችና "እውነትሽን ነው" ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

እኔ ሳህኑን ብድግ! ወዴት እንደምወስደው እግዜር ይወቀው፤ በረንዳ ላይ ልደብቀው፣ ቆሻሻ ውስጥ ልድፋው፣ ብቻ ከዚያ ቤት ይጥፋ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ "ዚፑ ጋ እጄ አልደርስ አለኝ፣ ነይ እስኪ" አለች። ዞርኩ። በሩ ላይ ቆማለች፤ ያ ድሮ ለክበቡ በዓል የሰፋችው ሰማያዊ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል።

"ወዴት ነው የምትወስጂው?"

ለቀቅኩት። አመለጠኝ ብዬ ብናገር ይሻል ነበር፤ አላመለጠኝም፣ እጄን ከፍቼ ነው የለቀቅኩት። ሳህኑ ወለሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ድንቹ እስከ ማቀዝቀዣው ሥር ተረጨ።

እትዬ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ጮኸች።

"አንቺ! አንቺ እጀ ሰባራ! ምን በድዬሻለሁ? ንገሪኝ፣ ምን በድዬሽ ነው? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን አርፈሽ ብትቆሚ ምን ትሆኛለሽ? ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ትሆናለች እኮ! ምን ላቅርብላት? ይሄን ከመሬት ልፈስላት?"

እጄ አመድ አፋሽ ነው ማለት ይሄ ነው፤ ግን ብናገር ይብሳል። ተንበርክኬ ስብርባሪውን መልቀም ጀመርኩ። እሷም እያለቀሰችና እየተሳደበች ጨርቅ አመጣች።

ይሄኔ በበረንዳው በር የጎረቤቷ ባለ ነጠብጣብ ድመት ገባች። ይቺን ድመት ሕንፃው ሁሉ ያውቃታል፤ ኩራቷ አይጣል ነው። ወተት ቢሰጧት ታልፈዋለች፣ እንቁላል አትነካም። ዓሣ ከተጠበሰ ግን ከየትም ትመጣለች። እኛን ከምንም ሳትቆጥር በመሃላችን አልፋ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ማዮኔዝ ዓይኗን ጨፍና ትልሰው ጀመር።

የእትዬ እጅ ቆመ። ድመቷን አየቻት። እኔን አየችኝ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

"ይቺ ድመት ዓሣ ካልሆነ አትነካም" አለች ቀስ ብላ።

ተነስታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ጠርሙሶች አወረደች። የአንዱን ክዳን ከፍታ ማግ አደረገች። የሌላኛውን። ተመልሳ የመጀመሪያውን። እንደገና። ይበልጥ እየተጣደፈች፣ ጠርሙሱን አፍንጫዋ ውስጥ ልትከትተው ምንም አልቀራት።

"የትኛው ነው?" አለችኝ።

"የግራው።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ክዳኑን ስትከፍቺው።"

ጠርሙሱን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ፣ በሰማያዊ ቀሚሷ ቁጭ አለች። "ከጉንፋኑ ወዲህ ነው" አለች። "ጠርሙሱንም በግምት ነው ያነሳሁት። ይመለሳል ይመለሳል ስል አልተመለሰም። ሁሉም ነገር ወረቀት ነው የሚለኝ። ስኳሩም ወረቀት፣ በርበሬውም የሚያቃጥል ወረቀት። ሐኪሙም ታገሺ ነው ያለኝ። አብሳይ ነኝ እኮ! ዓይኑ የጠፋ ሹፌር ማለት ነኝ። ለማን ልንገር?"

"ለእኔ!" ብዬ ጮህኩ። ድመቷ ደንግጣ ዘለለች። "ለእኔ አትነግሪኝም? እኔ ማን ነኝ?"

"አንቺማ አንድ ቦታ ቆመሽ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ይሄ አመመኝ። እውነትም ነበር። ከሻርፔ ውስጥ ዘይቱንና እንቁላሉን አውጥቼ ወለሉ ላይ ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው። በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። አሁን አልጋዋ ላይ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ጨርቁ ላይ የተረፈ ድንች፣ መክተፊያው ላይም የተረፈ እንቁላልና ሽንኩርት አለ" አለች። "ዚፔን ዝጊልኝና ተነሺ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ ምግብ ሠርቼ አላውቅም። እትዬ ሁለት አስኳል ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ለየች፣ ሰናፍጭና ጨው ጣል አደረገችበት፣ መምቻውን ያዘች። "አንቺ ዘይቱን ታንጠባጥቢያለሽ። ጠብታ ነው ያልኩሽ፣ ጠብታ። ወፈር ሲል ብቻ ቀጭን ክር ታደርጊዋለሽ።"

አንድ ጠብታ። ሁለት። ሦስት። እግሬን አሳከከኝ። አራት። ደረጃው ላይ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝና እጄ ዘነበለ፤ ዘይቱ ቡልቅ አለ። እትዬ መምታቷን አላቆመችም፤ ግን የመምቻው ድምፅ ሲቀየር እኔም ሰማሁት፤ ቅድም ወፍራም ድምፅ የነበረው የውሃ መንቦጫረቅ ሆነ። ማዮኔዙ ፈረሰ፤ ዘይቱ ለብቻው፣ እንቁላሉ ለብቻው ተንሳፈፈ።

በሩ ተንኳኳ።

"ሞትኩ!" አልኩ።

"አልሞትሽም። ክፈቺላት፣ አስቀምጫትና ተመለሽ።"

ኃላፊዋን ከፍቼ አስገባኋት። አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሶፋው ላይ አስቀመጥኳትና ውሃ ሰጥቼ፣ ስለ መንገዱ ጠይቄ፣ መልሷን ሳልሰማ ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። እትዬ ንጹህ ሳህን ውስጥ አዲስ አስኳል አፍርጣ ጠበቀችኝ። "የፈረሰውን በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ አድርገሽ እዚህ ላይ። እጅሽን እኔ እይዘዋለሁ።" እውነትም በግራ እጇ አንጓዬን ያዘችኝ፤ በቀኟ ትመታለች። ስቸኩል ጨመቅ ታደርገኛለች። ስረጋ ላላ ታደርገኛለች። ማንኪያ በማንኪያ ያ የተበታተነ ነገር ተመልሶ ተያያዘ፣ ወፈረ፣ ነጣ። እልል ልል ስል አፌን በእጄ ያዝኩት።

ኮምጣጤ ጨመረች፣ ከድንቹ፣ ከእንቁላሉና ከሽንኩርቱ ጋር ለወሰችው። ከዚያ ማንኪያውን ለእኔ ዘረጋች። እትዬ ከሳህኗ ሰው አስቀምሳ አታውቅም፤ የሌላ ሰው ማንኪያ ካየች ጣት ትመታ ነበር።

"ቅመሺ።"

ቀመስኩ። ከችኮላዬ የተነሳ ምን እንደቀመስኩ እንኳን በቅጡ አላወቅኩም። ሴትዮዋ ወዲያ ቤት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ይሰማኛል። "ጥሩ ነው፣ ይሂድ" አልኩ።

ሰላጣውን ኃላፊዋ ፊት አቀረብነው። እኔ ቆሜ፣ እትዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ሁለታችንም አፏን እናያለን። የመጀመሪያውን ሹካ ቀስ ብላ አኘከች። ሁለተኛውን ቶሎ። ከዚያ ሳታስፈቅድ በራሷ እጅ ጨመረች፤ እሰይ! ብዬ በልቤ ዘለልኩ።

"ድንቹ አልፈረሰም፣ ማዮኔዙም እቤት የተሠራ ነው" አለች። "እኛ ጋ የነበረችው አብሳይ ከሱቅ ከተገዛ ብልቃጥ እየዛቀች ነበር የምትሰጣቸው። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ይችላሉ?"

እትዬን አየኋት። እሺ በይ። እሺ ብቻ በይ፣ ሌላውን ነገ እንነጋገራለን። ከንፈሬን ሁሉ አንቀሳቀስኩላት።

"እችላለሁ" አለች እትዬ። "ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ማሽተት አልችልም። መቅመስም አልችልም። ከታመምኩ ወዲህ ጠፍቶብኛል። ጠዋት የሠራሁትን ዓሣ በጠበስኩበት ዘይት ነው የሠራሁት፤ አላወቅኩም። ይሄን የቀመሰችው እህቴ ናት።"

ኃላፊዋ ሹካዋን ሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ እመልስላት ነበር።

"ወተት ቢበላሽ ያውቃሉ?"

"በዓይን ካልሆነ አላውቅም።"

"ሥጋስ?"

"ሥጋም እንደዚያው።"

"እኔ እቀምስላታለሁ" አልኩ ዘልዬ። "ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ..."

"እሷ ሥራ አላት" አለች እትዬ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አላደረገችውም። "ዛሬ እሺ ብልዎት" አለች፣ "ሰኞ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። አራት መቶ ልጅ ነው። ባይነግሩኝ ኖሮ ግን..." አልጨረሰችውም። ተነስታ የእትዬን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። "ሲመለስልዎት ይምጡ። እውነቴን ነው፤ ይምጡ" አለች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ደረጃውን ቀስ እያለች ስትወርድ ሰማኋት።

በሩን ዘጋሁና ፈነዳሁ። "ምን አስለፈለፈሽ? በልታ፣ ወዳ፣ ጨምራ፣ ሰኞ ብላ! ማን ጠየቀሽ? ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም እኮ! እኔ በየቀኑ እመጣ ነበር፣ እምልልሻለሁ፣ ከሥራ እቀር ነበር! አሁን ምን ልትሆኚ ነው? ተመልሰሽ መስኮት ዳር?"

እየተንጎራደድኩ ነው የምናገረው፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ። እትዬ ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠች ናት።

"ድመቷ ሁልጊዜ አትመጣም" አለች። "አንድ ቀን አንቺ ትታመሚያለሽ፣ ወይ ትዘገዪያለሽ፤ እኔ 'ልክ ነው' ብዬ አቀርባለሁ። የሰው ልጆች ናቸው፤ እናታቸው አጠገባቸው የለችም።"

መንጎራደዴን አቆምኩ። እናቱ አጠገቡ የሌለችን ልጅ መመገብ ምን እንደሆነ ለእሷ እኔ አልነግራትም። እልሁ ከእግሬ ወጣ።

ከሳህኑ ላይ የቀረውን ሰላጣ ለሁለት ከፈለችና አንዱን ወደ ባዶው ወንበር ገፋችው። ለራሷ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። አኘከች፣ ረጅም ጊዜ አኘከች፣ ዋጠች። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

"ንገሪኝ" አለች። "ምን ይላል?"

"ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እሱማ ለእንግዳ ነው። ለእኔ ንገሪኝ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ቀመስኩ። መጀመሪያ ቶሎ ዋጥኩትና ምንም አላገኘሁበትም፤ እንደገና ጎረስኩና አፌ ውስጥ አቆየሁት።

"ድንቹ ጣፈጥ ይላል" አልኳት። "ውስጡ ደረቅ አይደለም፣ ጥርስ ሲነካው ነው የሚፈርሰው። ማዮኔዙ መጀመሪያ ልስልስ ይልና ኮምጣጤው ከኋላ፣ እዚህ ምላሴ ጎን ላይ ይመጣል።"

"ይበዛል?"

"አይበዛም። ሽንኩርቱ ደግሞ አልፎ አልፎ ነው፣ ኩርሽም ሲል ቆንጠጥ ያደርጋል። እንቁላሉ አይታወቅም፤ ግን ባይኖር ይጎድል ነበር መሰለኝ።"

ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምላትን የምታኝከው ይመስል ነበር።

"ሌላስ? እውነቱን።"

አመነታሁ። "ጨው አንሶታል" አልኩ።

ዓይኗን ከፈተች። "በጣም?"

"ትንሽ።"

"እንዳይበዛብኝ ፈርቼ እጄን ሰበሰብኩ" አለች እትዬ፣ ተነስታም ከወጥ ቤት ጨው አመጣች። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ የእኔ ሳህን ላይ ነሰነሰች፣ በሹካዋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ።